አንዲት ፊደል ስትላላ

የአገሩን ስም አትጠይቁኝ። ብጠራው ያገሬ ሰዎች «እኛን አይደለም» ይላሉ፤ የእናንተ አገር ሰዎች ደግሞ «እኛን ነው» ብለው ይቀየሙኛል። እኔም በመሀል ከሁለት ያጣ ጎመን ሆኜ እቀራለሁ። ስለዚህ ስሙን ለራሴ ይዤ የሆነውን ብቻ ላውራችሁ።

ደምለው እባላለሁ። ሥራዬ ሸክላ ማድመጥ ነበር። በከተማችን ገበያ ማሰሮ ወይም እንስራ የሚገዛ ሰው ከመክፈሉ በፊት ወደ እኔ ያመጣዋል። እኔም በጣቴ አንጓ ኳ ኳ አድርጌ አደምጥና «ደህና ነው» ወይም «ተሰንጥቋል» እላለሁ። ዓይን የማያየውን ስንጥቅ ጆሮዬ ያገኘዋል። ሠላሳ ዓመት በዚህ ኖርኩ። ሸክላ ሠሪዎቹ ሲያዩኝ ፊታቸውን ቢያዞሩም ገዢው ያከብረኝ ነበር፤ እኔም መከበሩን አልጠላሁትም።

ከከተማው በላይ፣ ኮረብታው ላይ፣ ዩኒቨርሲቲ አለ። ተማሪ በአንድ በር ይገባል፤ አራት ዓመት ይቆይና በዚያው በር ይወጣል። ሲገባ የሚሰማው ጫጫታ ገበያ ድረስ ይደርሳል። ሲወጣ የሚሰማው የጫማው ኮቴ ብቻ ነው። ይህን ሁላችንም እናውቀው ነበር፤ ግን ትምህርት ሰውን ያረጋጋል እያልን እንኮራበት ነበር እንጂ ማንም ነገሬ አላለውም።

ነገሩን የቀሰቀሱት ወላጆች ናቸው። አንዲት እናት ወደ ከተማችን ሸንጎ ቀርባ እንዲህ አለች፦ «ልጄን ስልከው በሩን በርግዶ ገብቶ ‘ራበኝ’ የሚል ልጅ ነበር። ተመርቆ መጣ። ይኸው ሦስት ሳምንት ሙሉ የገዛ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሞ ‘ሰው ይዘዋል ወይ?’ ይለኛል። በሩ እኮ ክፍት ነው!» አንድ አባት ደግሞ ተነሣ። «የእኔው ልጅ ገና አፌን ስከፍት ይስቃል። ቀልድ ልነግረው እየመሰለው። የአያቱን መርዶ ላረዳው አፌን ብከፍት ሳቀ» አለና ተቀመጠ።

ሸንጎው ሦስት ቀን መከረ። በክፍል ውስጥ የሚሰጠው ትምህርት በመዝገብ ሰፍሯል፤ በመዝገቡ ላይ በር ላይ መቆምም ሆነ ቀድሞ መሳቅ የሚባል ትምህርት የለም። እንግዲያው ማንም ሳያስተምር የሚማሩት ሌላ ነገር አለ ማለት ነው። ስም አወጡለት፤ የክፍሉን «የሳሎን ትምህርት» አሉት፤ ያልተጻፈውን «የጓዳ ትምህርት»። የጓዳው ትምህርት በተማሪዎቹ ላይ ያደረሰው ይገምገም ተባለ። ግን ማን ይገምግመው? የተማረ ሰው ሁሉ በዚያው በር የወጣ ነው፤ በሽተኛ በሽተኛን አያክምም። ስለዚህ ማስታወቂያ ተለጠፈ፦ «ገምጋሚ ይፈለጋል። የትምህርት ደረጃ፦ ምንም። ልምድ፦ ሠላሳ ዓመት።» ፊደል የሚቆጥር፣ ጆሮ ያለው፣ ያልተማረ ሰው ሲፈለግ ከእኔ ሌላ አልተገኘም።

የዩኒቨርሲቲው የበላይ «ባለ ወንበሩ» ይባላል። ይህ ስም የወጣለት በቢሮው ውስጥ ያለችው ወንበር አንዲት ስለሆነች ነው። ሌላው ሰው ቆሞ ይነጋገራል። ጥሩ ሰው ነው፤ ክፉ ነው ብዬ ልዋሽበት አልችልም።

«እንኳን ደህና መጣህ፣ አቶ ደምለው» አለኝ። «እዚህ ቤት የሚደበቅ ነገር የለም። የፈለግኸውን ጠይቅ።»

«ክቡርነትዎ፣ የጓዳው ትምህርት ምን ይመስልዎታል?»

«የለም ብዬ አምናለሁ» አለ በትሕትና። «ሆኖም ካገኘኸው ቶሎ አሳውቀኝ፤ ማን እንደፈቀደው ማጣራት አለብን።»

መሣሪያም ሰጡኝ፤ አራት መቶ ጥያቄ ያለው መጠይቅ። የመጀመሪያው ጥያቄ «ያልተማርከውን ትምህርት ምን ያህል ተምረሃል? ሀ) በጣም፣ ለ) እጅግ በጣም፣ ሐ) ከልክ በላይ» ይላል። መጠይቁን ለተማሪዎቹ አደልኩ፤ ሰበሰብኩ። ሁሉም ከመጀመሪያው እስከ አራት መቶኛው «ለ»ን አክብበዋል። አንዱን ምክንያቱን ብጠይቀው ግራ ቀኝ አየና «‘ለ’ ሰው አያስቀይምም፣ ጋሼ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ እኔም አልተቀየምኩም።

መጠይቁን ጥዬ በእግሬ መዞር ያዝኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዕረፍት የሚባል ነገር አላየሁም። ከክፍል ወደ ክፍል፣ ከመኝታ ቤት ወደ ምግብ አዳራሽ ስሮጥ እውላለሁ፤ ከሄድኩበት ሁሉ ነገሩ ከእኔ አንድ እርምጃ ቀድሞ የወጣ ይመስለኛል። ጆሮዬን ይበላኛል። አንድ የተሰነጠቀ ነገር እዚህ ቤት እንዳለ አውቃለሁ፤ የቱን ልምታው?

አንድ ቀን አንደኛ ዓመት ክፍል፣ ከኋላ ተቀመጥኩ። መምህሩ አስተምሮ ሲጨርስ «ጥያቄ አለ?» አለ። መቶ አፍ በአንድ ድምፅ «የለም!» አለ። የክፍሉ አለቃም መዝገቡ ላይ «ጥያቄና መልስ ተካሂዷል» ብሎ ጻፈ። ያኔ አንድ ገና ከአገር ቤት የመጣ ልጅ እጁን አወጣ። «መምህር፣ ሁለተኛው ነገር ከመጀመሪያው ጋር እንዴት እንደሚሄድ አልገባኝም» አለ። መምህሩ አልተቆጣም፤ ይህን ልብ በሉልኝ። ፈገግ ብሎ ሰዓቱን አየ። ከዚያ መቶ ራስ ወደ ልጁ ዞረ። አንድም ሰው ክፉ ቃል አልተናገረም። ልጁ «ይቅርታ፣ ገብቶኛል» ብሎ ተቀመጠ። ሁሉም ተነሥቶ ወጣ። በማግሥቱ «ጥያቄ አለ?» ሲባል የዚያ ልጅ «የለም» ከሁሉም ቀድሞ ወጣ።

ይህን እንዴት ብዬ ልጻፈው? «መምህሩ ሰዓት አየ» ብዬ ከስሼው ምን ሊሉኝ ነው!

ወር አለፈ፤ ሁለተኛውም ተከተለ። ወረቀቴ ባዶ ነው። ይባስ ብሎ አንድ ጠዋት ወደ ባለ ወንበሩ ቢሮ ሄጄ፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ሳለ፣ ደጁ ላይ ቆሜ እያንኳኳሁ ራሴን አገኘሁት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የሌላውን ስንጥቅ ስፈልግ የራሴን አላደመጥኩም። ደንግጬ ከኮረብታው ሮጥኩ ማለት ይቻላል፤ ግን የሮጥኩት እስከ በሩ ድረስ ነው። እዚያ ደክሞኝ ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ።

የበሩ ጉበን ላይ መሥራቹ ያስቀረጸው ጽሑፍ አለ። ቃሉ አጭር ነው፦ «በዚህ ቤት ተማሪ ይሰማል።»

መቼም ፊደላችንን ታውቁታላችሁ። የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አይጽፍም፤ ለአንባቢው ይተወዋል። «ይሰማል» የሚለውን «ሰ»ን አላልታችሁ ብታነቡት፣ ተማሪ ጆሮውን ሰጥቶ ያዳምጣል ማለት ነው። አጥብቃችሁ ብታነቡት ደግሞ፣ ተማሪ ሲናገር ሌላው ያዳምጠዋል ማለት ነው። መሥራቹ የትኛውን ማለቱ እንደነበር ሳይናገር ሞተ። ድንጋይ ደግሞ አይጠየቅም።

ተቀምጬ ሳለ የአንደኛ ዓመት ልጆች እየተንጫጩ መጡ። አንዷ ቀና ብላ ጽሑፉን ጮክ ብላ አነበበችው። አጥብቃ ነው ያነበበችው፤ ከበሮ ነው የሚመስለው። ጥቂት ቆይቶ አንድ ተመራቂ ብቻውን መጣ። «ወንድሜ፣ ዓይኔ ደክሟል፤ ምን ይላል?» አልኩት። ቀና እንኳ ሳይል አነበበልኝ። አላላው። ፊደሉ ያው፣ ድንጋዩም ያው ነው፤ ድምፁ ግን ስንጥቅ እንስራ ሆኗል።

ብድግ አልኩ። አገኘሁት! ከዚያን ዕለት ጀምሮ በሩ ሥር ቆሜ የሚገባውንም የሚወጣውንም ማስነበብ ሆነ ሥራዬ። ከመቶ አንደኛ ዓመት ዘጠና ሰባቱ ያጠብቃል። ሁለተኛ ዓመት ላይ ግማሹ ይንተባተባል፤ አጥብቆ ይጀምርና ግራ ቀኙን አይቶ ያላላል። ሦስተኛ ዓመት ላይ የሚያጠብቅ ከአሥር አንድ ብታገኝ ነው። አራተኛ ዓመት ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ተማሪ ነበር። ሦስት መቶ አሥራ አንዱ አላላው።

የቀረችው አንዲት ቀጭን ልጅ ናት። የጭቃ ጫማዋን በሣር ስትጠርግ ነው ያገኘኋት።

«ስምሽ ማን ነው፣ ልጄ?»

«ማለፊያ።»

«ስንተኛ ዓመት ነሽ?»

«አራተኛ ነኝ፣ ጋሼ። የጉድጓድ ውሃ ጥናት።»

«እስቲ በሩን አንብቢልኝ።»

አነበበችው። አጠበቀችው። ጆሮዬን አላመንኩም። «ድገሚው» አልኳት። ደገመችው። በሠላሳ ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ድምፅ የሰጠኝ ሸክላ ሦስት ቢሆን ነው።

«አራት ዓመት ሊሞላሽ ነው። እንዴት አልላላም?»

«ለማዳመጥ ብቻ ቢሆን መንደራችንም አዛውንት ሞልቷል» ብላ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ጠፋ። «አንድ ነገር ልንገርዎት? ደክሞኛል። በየክፍሉ እጠይቃለሁ። ማንም አይቆጣኝም። ዝም ብለው ያዩኛል። ምግብ አዳራሽ አጠገቤ የሚቀመጥ ሰው ካየሁ ሁለት ዓመት አለፈኝ። ቢመቱኝ እኮ ይሻለኝ ነበር፤ የምመታበትን ምክንያት አውቀው ነበር።»

«ታዲያ ምን አስቀመጠሽ?»

«ውሃ» አለች። መንደሯ ቆላ ነው። ሴቶቹ ጎህ ሲቀድ እንስራ ይዘው ይወጣሉ፤ የሚመለሱት ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ነው። በአገራችን ሕግ ደግሞ የምርቃት ጋዋን ያልለበሰ ሰው ከጉልበት የሚያልፍ ጉድጓድ ማስቆፈር አይችልም። መቃብር ብቻ ነው የተፈቀደው። መንደሩ ማን ተምሮ ይምጣ ብሎ ዕጣ ጣለ፤ ዕጣው ለማለፊያ ወጣ። «የት እንደሚቆፈር ካወቅሁ ሁለት ዓመት ሆኖኛል» አለችኝ። «የቀረኝ ጋዋኑ ነው።»

ወደድኳት። ልጅ የለኝም፤ ብትኖረኝ ይህቺን በሆነች አልኩ። እንግዲህ የወደድኳትን ልጅ ምን እንዳደረግኳት ስሙ።

ሪፖርቴን ጻፍኩ። ያልተማርኩ ስለሆንኩ ማሳመር አልችልም፤ የሰማሁትን ብቻ ጻፍኩ፦ «አዲስ ገቢዎች በሩን ሲያነቡ ‘ተማሪ ይሰማል’ ይላሉ። ተመራቂዎች ሲያነቡ ‘ተማሪ ይሰማል’ ይላሉ።» ሸንጎው ተሰብስቦ ባለ ወንበሩ ጮክ ብሎ አነበበው። ሁለቱንም መስመር አላልቶ።

«እሰይ!» አለ። «አራት ዓመት ሙሉ ቃላቸውን አልለወጡም። የጓዳ ትምህርት የሚባል ነገር የለም ማለት ነው።» አጨበጨቡ። አንዱ ተነሥቶ እጄን ጨበጠኝ። ነገሩ እዚያ ላይ በሰላም ሊያልቅ ይችል ነበር። ወላጆቹ «ተገምግሞ ምንም አልተገኘም» ይባላሉ፤ ማለፊያም በወሩ ጋዋኗን ለብሳ ትሄዳለች።

እኔ ግን ሠላሳ ዓመት የተከበርኩበት ጆሮ በአንድ ጭብጨባ ሲቀበር ማየት አልቻልኩም። ክብር ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም። «ክቡርነትዎ፣ ልዩነቱ አነባበቡ ላይ ነው» አልኩ። ሁለቱንም እያነበብኩ አሰማኋቸው፤ አጥብቄ፣ ቀጥዬ አላልቼ። መጀመሪያ አልገባቸውም። ስደግመው አንድ አንድ እያለ የሁሉም ፊት ተለወጠ። እዚህ ላይ እንኳ ባቆም ጥሩ ነበር። «ከሦስት መቶ አሥራ ሁለቱ ያጠበቀችው አንዲት ብቻ ናት፤ ማለፊያ ትባላለች» አልኩ፤ ጆሮዬ አንዷን እንኳ እንደማያመልጣት እንዲያውቁልኝ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚሉት ይህንን ነው።

የሚደነግጡ መስሎኝ ነበር። ባለ ወንበሩ ግን ቀስ ብሎ ከወንበሩ ተነሣ። ሲነሣ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ጓደኞቼ» አለ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «የሒሳብ ክፍላችን ከግማሽ በላይ ይጥላል። የሕግ ክፍላችን ካስመረቃቸው ሕግ የሚጠቅስ ስንት ነው? ይህ ትምህርት መጽሐፍ የለው፣ መምህር የለው፣ ፈተና የለው። ውጤቱ ግን ሦስት መቶ አሥራ አንድ ከሦስት መቶ አሥራ ሁለት! ምርጡን ትምህርታችንን በጓዳ ደብቀን ኖረናል። ወደ ሳሎን ይውጣ!»

ወዲያው ተወሰነ። በምርቃቱ ዕለት እያንዳንዱ ተመራቂ በሩ ፊት ቆሞ ጽሑፉን ያነባል። ያላላ ጋዋን ይለብሳል። ያጠበቀ ትምህርቱ አልገባውምና ከአንደኛ ዓመት ይጀምራል። ፈታኝ ደግሞ ማን ይሁን? የሚላላውን ከሚጠብቀው የሚለይ ጆሮ ያለው አንድ ሰው ነው። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እኔም «እሺ» አልኩ። ለምን «እሺ» እንዳልኩ እስከ ዛሬ አላውቀውም።

ማለፊያን ፍለጋ ኮረብታውን ስዞር ዋልኩ። ከውሃ ማጠራቀሚያው ጀርባ አገኘኋት። ያደረግሁትን ነገርኳት። ትጮኽብኛለች ብዬ ነበር።

«አራት ዓመት?» አለች ብቻ። «እንደገና?»

«ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ልጄ። ይህ አፌ ይቆረጥ። ግን እኮ አንዲት ፊደል ናት። አንዴ ላላ አድርጊያትና ሂጂ። መንደርሽ ስትደርሺ እንደፈለግሽ ታነቢዋለሽ።»

«በእኔ ቦታ ቢሆኑ ያላሉት ነበር?»

«ለውሃ? አሳምሬ!»

ሣር ነቅላ ታኝካለች። «እናቴ እንስራ ስትሸከም ጎኗን ያማታል» አለች በመጨረሻ። «አላላዋለሁ፣ ጋሼ። ጀግና አይደለሁም። ያስተምሩኝ።»

አስተማርኳት። እዚያው ቁጭ ብለን «ሰ»ን ስናላላ ዋልን። ስታነብ በመጀመሪያ ይጠብቅባታል፤ «ትንፋሽሽን ልቀቂው» እላታለሁ። እኔ ያልተማርኩት ሰውዬ በዚያ ቤት ያስተማርኩት ትምህርት ይሄ ብቻ ነው። ሲመሽ እንደ ማንም ተመራቂ አላላችው። ሁለታችንም ደስ አለን። እኔ ግን ከዚያ እስከ ምርቃቱ አንድ ቦታ መቀመጥ አቃተኝ።

ምርቃቱ ደረሰ። በሩ ፊት መድረክ ተሠራ። ወላጆች በአንድ ወገን፣ ሸንጎው በሌላ ወገን ሆነ። እንደ ልማዱ በዚያው ዕለት አዲስ ገቢዎችም ይመጣሉና፣ ሁለት መቶ የሚሆኑ ልጆች ጓዛቸውን እንደ ያዙ ከበሩ ውጭ ተኮልኩለው ያያሉ። እኔ ከመድረኩ ጫፍ ቆምኩ። ተመራቂው ያነባል፤ እኔ «ላልቷል» እላለሁ፤ ጋዋን ይደረብለታል፤ ይጨበጨባል። ሦስት መቶ አሥራ አንድ ጊዜ «ላልቷል» አልኩ። ምላሴ ደረቀ።

መጨረሻ ላይ ማለፊያ ወጣች። ወደ እኔ አየችና ጥቂት ፈገግ አለች። አይዞሽ ብዬ በዓይኔ ነገርኳት። ቀና ብላ ጽሑፉን አየች። ከጽሑፉ በታች እነዚያን ጓዝ የያዙ ልጆች አየች። አፏን ከፈተች፤ ዘጋችው። እንደገና ከፈተችው።

አጠበቀችው።

ማጥበቅ ብቻ አይደለም። ድምፁ ኮረብታውን መትቶ ተመለሰ። ለመስማት የእኔ ጆሮ አያስፈልግም፤ ደንቆሮም ይሰማዋል። ከበሩ ውጭ ያሉት አዲሶቹ ልጆች ደስ ብሏቸው «ኧረ!» አሉ። እነርሱም እንደዚያው ነው የሚያነቡት። ወላጆቹ ተያዩ። ባለ ወንበሩ ወደ እኔ ዞረ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

እናቷን አሰብኩ። ጎኗን የሚያማትን። ሌላ አራት ዓመት፣ አጠገቧ ማንም የማይቀመጥበት አራት ዓመት አሰብኩ። ይህን ሁሉ ያመጣው የእኔ አፍ ነው፤ የእኔው አፍ ያውጣት አልኩ።

«ላልቷል» አልኩ።

ጥቂት ጸጥታ ሆነ። በሕይወቴ እንደዚያች ጸጥታ ያስፈራኝ ነገር የለም። አንድ ሰው «ኧረ አጥብቃለች!» ይላል ብዬ ጠበቅሁ። እውነቱን ልንገራችሁ? እንዲልም ተመኘሁ። ከዚያ ከሦስት መቶ አሥራ አንዱ አንዱ ማጨብጨብ ጀመረ። ሌላውም ተከተለ። ሸንጎው አጨበጨበ። ወላጆቹ ልጆቻቸውን እያዩ አጨበጨቡ። ባለ ወንበሩ «ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ከሦስት መቶ አሥራ ሁለት!» ብሎ ጮኸ። ጋዋኑን ደረቡላት። ማለፊያ እንደ ቆመች ነበረች። እጇን አንሥተው ነው እጅጌው ውስጥ ያስገቡላት።

ሕዝቡ ሲበተን ሮጬ ደረስኩባት። «እግዜር ይመስገን!» አልኳት። «ተገላገልሽ። አሁን ጉድጓድሽን ትቆፍሪያለሽ።»

«እቆፍራለሁ» አለች። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ላላላው ነበር እኮ የመጣሁት፣ ጋሼ። እነዚያን ልጆች ሳይ አፌ እምቢ አለኝ። አንድ ሰው አጥብቆ ሲያነብ ይስሙ፤ ከዚያ በኋላ አራት ዓመትም ቢሆን ልድገመው አልኩ። ደግሞም ሰሙኝ። ‘ኧረ!’ ሲሉ ሰምተዋቸዋል አይደል?»

«ሰምቻለሁ።»

«እርስዎ ‘ላልቷል’ ሲሉ ልጆቹ ምን እንዳደረጉ አይተዋል? ጆሯቸውን ጠረጠሩ። አንዷ ልጅ ጣቷን ጆሮዋ ውስጥ ከታ ስትነቀንቅ አይቻታለሁ። ከዚያ አጨበጨበች።» ጋዋኑን አውልቃ አጠፈችው፤ ብብቷ ሥር አደረገችው። «እነዚህ መምህራን አራት ዓመት ይፈጅባቸው ነበር። እርስዎ በአንድ ቃል ጨረሱት።»

እውነት አይደለም ልላት ፈልጌ ወደ በሩ ዞር አልኩ። አዲሶቹ ልጆች ጓዛቸውን ተሸክመው እየገቡ ነው። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። የመጀመሪያው ልጅ ቆሞ አንኳኳ።

ጉድጓዱ ተቆፍሮ ውሃ መውጣቱን በኋላ ሰማሁ። በአሥራ ዘጠኝ ክንድ ላይ፣ እሷ ያለችው ቦታ ላይ። እናቷም ዛሬ ጎኗን አያማትም ይላሉ። ደስ ብሎኛል፤ አልዋሽም። ማለፊያ ግን ያን ቀን ቁልቁለቱን ስትወርድ፣ አንድ ነገር ልላት፣ ምን እንደሆነ ሳላውቅ፣ ስሟን ጠራሁ። አልዞረችም። ጋዋኗን እንደ ያዘች መታጠፊያው ላይ ተሰወረች።

ሰዎች «ተቀይማህ ነው» ይሉኛል። እኔም ለሚጠይቀኝ ሁሉ እንደዚያ እላለሁ። እውነቱ ግን ጮክ ብዬ አልጠራኋትም።